«ሰ.ዐ.ወ.»፣ «አ.ወ.ወ.» እና ሌሎችም፦ በስልክ መልእክት ስለሚያጥሩ ኢስላማዊ ቃላት



ምህጻረ ቃል አንድን ቃል ወይም ሐረግ በጥቂት ፊደላት ወክሎ የመጻፍ ዘዴ ነው። አማርኛ ለዚህ እንግዳ አይደለም። «ዓ.ም.»፣ «ዶ/ር»፣ «ት/ቤት»፣ «ፍ/ቤት»፣ «ወ/ሮ» እያልን ስንጽፍ ኖረናል፤ «ወይዘሮዋን ለምን ቆረጣችኋት?» ብሎ የሚቆጣ ሰውም የለም። ጭቅጭቁ የሚነሳው የሚያጥረው ነገር ሰላምታ፣ ዱዓ ወይም ሶላዋት ሲሆን ነው። በቴሌግራምና በዋትስአፕ ግሩፖቻችን አንዱ «አ.ወ.ወ.» ብሎ ይገባል፤ ሌላው «ወ.ወ.ወ.» ብሎ ይመልሳል (የድረ ገጽ አድራሻ ሊጽፍ የጀመረ ነው የሚመስለው)፤ ሦስተኛው ደግሞ «ሰላምታን ማሳጠር ሐራም ነው» የሚል ማን እንደጻፈው የማይታወቅ ረዥም መልእክት አምጥቶ ይለጥፋል። ከዚያ በኋላ ግሩፑ የተሰበሰበበት ጉዳይ ተረስቶ ክርክሩ እስከ እኩለ ሌሊት ይዘልቃል።

በዚህ ጽሑፍ ልማዱ ከየት እንደመጣ፣ ዑለሞች ስለማሳጠር ምን እንዳሉ፣ የትኛው ተቃውሞ መሠረት እንዳለውና የትኛው እንደሌለው እንመለከታለን። ሐሳባችንን ከወዲሁ ለመግለጽ ያህል፣ ማሳጠርና መቁረጥ የተለያዩ ነገሮች ናቸው ብለን እናምናለን። ሸሪዓችን ለሰላምታም ለሶላዋትም አጭር መልክ ሰጥቶናል፤ አጭሩን መልክ ሙሉ አድርጎ መጻፍ ደግሞ ማንንም አያደክምም።

የ70 ፊደል ዘመን

የመጀመሪያው አጭር የጽሑፍ መልእክት የተላከው በእንግሊዝ አገር በዲሴምበር 3 ቀን 1992 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው። አንድ መልእክት የሚይዘው 140 ባይት ብቻ ነበር። ይህ መጠን በላቲን ፊደል ሲጻፍ 160 ፊደል፣ እንደ ዐረብኛና እንደ ግዕዝ ባሉ ፊደላት ሲጻፍ ግን 70 ብቻ ይሆናል። ክፍት ቦታውም ነጥቡም ይቆጠራል። «ወዐለይኩሙ ሰላም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ» የሚለው መልስ ክፍት ቦታዎቹን ጨምሮ 25 ነው፤ ከመልእክቱ ከሲሶ በላይ በሰላምታ ያልቃል ማለት ነው። ቀሪው ካልበቃ ሁለተኛ መልእክት፣ ሁለተኛ ክፍያ። ሂሳቡን ቆጥሮ የሚያወራ ሰው ሰላምታውን ቢያሳጥር ብዙም አይገርምም።

በአገራችን አገልግሎቱ ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ ተዘግቶ ለሁለት ዓመት ያህል ከቆየ በኋላ ወደ 2000 መባቻ ላይ ተመልሶ ተከፈተ። ያኔ በብዙዎቻችን እጅ የነበሩት ስልኮች ግዕዝ አይጽፉም ነበር። ስለዚህ አማርኛውን በላቲን ፊደል መጻፍ ልማድ ሆነ፤ በላቲን ሲጻፍ ደግሞ አናባቢዎቹን መዋጥ ቀላል ነው። «ሰላም» ሦስት ተነባቢ ብቻ ሆነች፤ «ቴንኪው» ቁጥር 10 እና ኪው ሆና ቀረች። ከዚህ ጋር «ኤ.ኤስ.ኤ.»፣ «ጄ.ዜድ.ኬ.»፣ «ኤስ.ኤ.ደብሊዩ.» የሚሉት በእንግሊዝኛ የሚጽፉ ሙስሊሞች የለመዷቸው ምህጻሮች አብረው ገቡ።

ፊደላችን ግን በዚህ በኩል የታደለ ነው። አናባቢው ከተነባቢው ጋር በአንድ ፊደል ስለሚቀመጥ መጀመሪያውኑ የታመቀ ነው። «አሰላሙ ዐለይኩም» በግዕዝ ፊደል 9 ነው፤ በዐረብኛው አጻጻፍ 11፣ በላቲን ደግሞ 15 ይሆናል። «ሰለላሁ ዐለይሂ ወሰለም» በግዕዝ 12 ፊደል ሲሆን በላቲን 24 ይደርሳል። በላቲን የሚጽፈው ሰው የሚያሳጥርበት ምክንያት የእኛን እጥፍ ነው። እኛ የእሱን መፍትሔ የተዋስነው ችግሩ ሳይኖርብን ነው።

ለፍትሕ ሲባል አንድ ነገር መነገር አለበት፦ «ሰ.ዐ.ወ.» ከስልክ የመጣ አይደለም። በአማርኛ በሚታተሙ ኢስላማዊ መጻሕፍትና መጽሔቶች ውስጥ «ሰ.ዐ.ወ.»፣ «ረ.ዐ.»፣ «ዐ.ሰ.»፣ «ሱ.ወ.» ለረዥም ጊዜ በቅንፍ ሲጻፉ ኖረዋል። ወጣቱ በስልኩ ሲጽፋቸው ከታላላቆቹ የተማረውን ነው የሚደግመው። ስለዚህ «የዘመኑ ልጅ ሰነፈ» የሚለው ወቀሳ ብቻውን ጉዳዩን አይገልጸውም።

ዑለሞችም ያሳጥሩ ነበር

ብዙ አንባቢ ላያስተውለው ይችላል እንጂ በእጃችን ያለው ሙስሐፍ ራሱ ምህጻሮች አሉት። ከአያዎቹ በላይ በትንሹ የሚጻፉት የመቆሚያ ምልክቶች ምህጻሮች ናቸው፤ «ሚም» መቆም ግድ መሆኑን፣ «ሰላ» ማያያዙ የተሻለ መሆኑን፣ «ቀላ» ደግሞ መቆሙ የተሻለ መሆኑን ያመለክታሉ። ለቂርኣት የተቀመጠ ማንኛውም ደረሳ ያውቃቸዋል።

ከሁሉም በላይ ያሳጥሩ የነበሩት ግን የሐዲስ ሊቃውንት ናቸው። «ሐደሰና» (ነገረን) የሚለውን ቃል በአንድ ሰነድ ውስጥ አምስት ስድስት ጊዜ፣ በአንድ ኪታብ ውስጥ ደግሞ በሺዎች የሚቆጠር ጊዜ መጻፍ ነበረባቸው። ስለዚህ «ሰና» ወይም «ና» ብቻ ብለው ይጽፉታል። «አኽበረና» የሚለውን «አና» ይሉታል። ከአንድ ሰነድ ወደ ሌላ ሲሻገሩ «ሐ» የምትል አንዲት ፊደል ያስቀምጣሉ። ኢማም አል-ሚዚ «ተህዚቡል ከማል» በተባለው ኪታባቸው ውስጥ ቡኻሪን በ«ኸ»፣ ሙስሊምን በ«መ»፣ አቡ ዳውድን በ«ደ»፣ ቲርሚዚን በ«ተ» ወክለዋል። ይህ ሁሉ ቀለምና ወረቀት ውድ በነበረበት፣ ኪታብ በእጅ በሚገለበጥበት ዘመን ነው።

ሁለት ነገሮችን ግን እናስተውል። አንደኛ፣ ምህጻሩ በወረቀት ላይ ብቻ ነበር፤ አንባቢው «ሰና» የሚለውን ሲያይ በአፉ «ሐደሰና» እንዲል ይጠበቅበታል። በሰነድ መሐል «ቃለ» (አለ) የሚለውን ቃል ጸሐፊዎች ጭራሹን ይተዉት ነበር፤ አንባቢው ግን እንዲለው ታዘዘ። ምላስ አያሳጥርም። ሁለተኛ፣ እነዚሁ ሰዎች ከነዚህ ሁሉ ምህጻሮች ጋር እየኖሩ ሶላዋት ላይ ሲደርሱ እጃቸውን ያዙ።

ሶላዋትን በተመለከተ

በሱረቱል አሕዛብ አያ 56 ላይ አላህና መላእክቱ በነቢዩ ላይ ሶላዋት እንደሚያወርዱ ተነግሮ ምእመናንም እንዲሁ እንዲያደርጉ ታዘዋል። በቲርሚዚ በተዘገበ ሐዲስም ነቢዩ ሙሐመድ ሰለላሁ ዐለይሂ ወሰለም ስማቸው ተነስቶ ሶላዋት ያላወረደባቸውን ሰው ስስታም ብለውታል። ጸሐፊዎች ይህን በብዕርም ላይ ሠሩበት።

ኢብኑ ሶላሕ (በ643 ሂጅሪ የሞቱ) በሐዲስ ጥናት ዘርፍ ዋቢ በሆነው «ሙቀዲማ» ውስጥ ጸሐፊው የነቢዩ ስም በተነሳ ቁጥር ሶላዋቱን በመድገም እንዳይሰለች ካሳሰቡ በኋላ ከሁለት ጉድለቶች ያስጠነቅቃሉ። አንዱ ሶላዋቱን በሁለት ፊደል ወይም በመሰል ምልክት መወከል ነው። ሌላው «ወሰለም» የሚለውን ጥሎ በግማሽ መጻፍ ነው። ኢማም አን-ነወዊ (676 ሂጅሪ) ሰሒሕ ሙስሊምን ባብራሩበት ኪታብ መግቢያ ላይ ተመሳሳይ ምክር ሰጥተዋል። አስ-ሰኻዊ (902 ሂጅሪ) «ፈትሑል ሙጊስ» ላይ ትንሽ ጠንከር ይላሉ፤ «ሷድ» የምትል አንድ ፊደል ወይም «ሰልዐም» የሚል ምህጻር የሚጽፉትን አላዋቂዎችና ተራ ተማሪዎች እያሉ ይወቅሳሉ። አስ-ሱዩጢ (911 ሂጅሪ) በ«ተድሪቡር ራዊ» ውስጥ ምልክቱን መጠቀም የተጠላ መሆኑን ይገልጻሉ። ሶላዋትን መጀመሪያ «ሰልዐም» ብሎ ያሳጠረው ሰው እጁ ተቆረጠ የሚል ወሬም በዚያው ይጠቀሳል፤ ሰውዬው ስም የለውም፣ ወሬውም ሰነድ የለውም፤ ወጣቶችን ለማስፈራራት ባይውል ይሻላል። ከዘመናችን ዑለሞች ሸኽ ዐብዱልዐዚዝ ኢብኑ ባዝ እነዚህን የቀደሙ ንግግሮች ጠቅሰው ሶላዋትን በምህጻር መጻፍ ተገቢ እንዳልሆነ ጽፈዋል።

ከነዚህ ዑለሞች ንግግር የምንረዳው ነገሩ የተጠላ መሆኑን ነው። «ሐራም ነው፣ የጻፈው ሰው ከኢስላም ይወጣል» እየተባለ በግሩፖች የሚዞረው ከነሱ አልተገኘም።

በኢብኑ ሶላሕ ኪታብ ውስጥ ለኛ ዘመን የሚጠቅም አንድ ወሬ አለ። ኸጢብ አል-ባግዳዲ (463 ሂጅሪ) በኢማም አሕመድ ኢብኑ ሐንበል የእጅ ጽሑፍ ላይ የነቢዩ ስም ያለ ሶላዋት ተጽፎ ማየታቸውን፣ ኢማሙ ግን በአፋቸው ይሉት እንደነበር እንደደረሳቸው ይናገራሉ። በዚያው ስፍራ ዐሊይ ኢብኑል መዲኒና አንድ ባልደረባቸው በተቃራኒው ሶላዋቱን ፈጽሞ እንደማይተዉ፣ ከተቻኮሉም ቦታውን ባዶ ትተው ኋላ ተመልሰው እንደሚሞሉት ተነግሯል። ልብ በሉ፦ ሁለቱም ወገን ቸኩሏል፣ ሁለቱም ወገን መፍትሔ አለው፤ አንዱ ለምላሱ ተወው፣ ሌላው ባዶ ቦታ ተወ። ማንኛቸውም ግን ሁለት ፊደል ጽፈው «ጨርሰናል» አላሉም።

ሰላምታና መልሱ

ሰላምታ ከሶላዋት በአንድ ነገር ይለያል፤ ተቀባይ አለው፣ ተቀባዩም ግዴታ አለበት። በሱረቱ ኒሳእ አያ 86 ሰላምታ የቀረበለት ሰው በተሻለ ወይም በተመሳሳዩ እንዲመልስ ታዟል። ይህ በአካል ሲገናኙ ብቻ አይደለም። ነወዊ «አል-አዝካር» ውስጥ ሰላምታ በደብዳቤ ከደረሰ መመለሱ ግዴታ መሆኑን ከቀደሙ ሊቃውንት ጠቅሰው ጽፈዋል። በቡኻሪና በሙስሊም እንደተዘገበውም ጅብሪል ለእናታችን ዓኢሻ ረዲየላሁ ዐንሃ ሰላምታ በነቢዩ ሰለላሁ ዐለይሂ ወሰለም በኩል ሲልኩላት እሷም ሙሉውን መልሳለች። ከሩቅ የሚላክ ሰላምታ በዲናችን አዲስ ነገር አይደለም ማለት ነው።

ታዲያ «አ.ወ.ወ.» ብሎ የጻፈ ሰው ሰላምታ አቅርቧል? በፊደል ካየነው «ሰላም» የሚለው ቃል የለበትም፤ «በእናንተ ላይ ይሁን» የሚለውም የለበትም። በሐሳብ ካየነው ሰውዬው ሰላም ማለቱ ግልጽ ነው። እኛ የምንለው፣ ጥርጣሬ ባለበት ጊዜ ተቀባዩ ሙሉ መልስ ቢጽፍ ምንም አይጎዳም፤ ለግሩፑም ያለ ስብከት ጥሩ ትምህርት ይሆናል። «ሰላምታህ ስላልተሟላ አልመልስልህም» ማለት ግን ሰላምን ለማስፋፋት የመጣውን ትእዛዝ መገልበጥ ይሆናል።

አጭር ለመሆን የሚፈልግ ሰው መንገድ አለው። ዒምራን ኢብኑ ሑሰይን ባስተላለፉት፣ አቡ ዳውድና ቲርሚዚ በዘገቡት ሐዲስ ውስጥ «አሰላሙ ዐለይኩም» ብቻ ያለው ሰው አስር፣ «ወረሕመቱላህ» የጨመረው ሃያ፣ «ወበረካቱህ» የጨመረው ደግሞ ሠላሳ ምንዳ እንዳለው ነቢዩ ሰለላሁ ዐለይሂ ወሰለም ተናግረዋል። አጭሩ ሰላምታ ሙሉ ሰላምታ ነው። ሦስቱንም ክፍል በሦስት ፊደል ወክሎ ሠላሳውን ከመፈለግ፣ የመጀመሪያዋን ክፍል አስተካክሎ ጽፎ አስሩን መያዝ አይሻልም? ሶላዋቱም እንዲሁ ነው። በሶላት ተሸሁድ ላይ የምንለው ረዥሙ ሶላዋት አለ፤ «ሰለላሁ ዐለይሂ ወሰለም» የሱ አጭር ነው። በነቢዩ ሱለይማን ዐለይሂ ሰላም ደብዳቤ ላይም ይኸው ይታያል። በሱረቱ ነምል እንደተጠቀሰው ለሰበእ ንግሥት የተላከው ደብዳቤ እጅግ አጭር ነው፤ ቢስሚላሁ ግን ምንም አልጎደለበትም። በሕንድና በፓኪስታን ቢስሚላህን በ786 ቁጥር የሚተኩ አሉ፤ የፊደሎቹ የአብጀድ ድምር ነው። ድምሩ ልክ ነው፤ ቢስሚላህ ግን አይደለም።

ምህጻሩ ጮክ ብሎ ሲነበብ

የጽሑፍ ክርክር ላይ ብዙ ጊዜ የሚረሳው የስልክ መልእክት በዓይን ብቻ የሚነበብ አለመሆኑ ነው። በማስተማር ሥራ ላይ በነበርንበት ጊዜ ይህን ደጋግመን አይተናል። ተማሪው ጮክ ብሎ ሲያነብ «ነቢዩ ሰዐወ እንዲህ አሉ» ይላል፤ «ሰዐወ» ራሱን የቻለ ቃል ሆኗል። ምን ማለት እንደሆነ ሲጠየቅ አንዳንዱ በትክክል ይዘረዝረዋል፣ አንዳንዱ ግማሽ መንገድ ይሄዳል፣ አንዳንዱ ደግሞ የነቢዩ የአባት ስም ይመስለዋል። ልጁ አላጠፋም፤ ያየውን ነው ያነበበው። የሐዲስ ሊቃውንት «በወረቀት ቢያጥርም በምላስ ይሞላ» ያሉት ይህን ፈርተው ነው።

ከዚህም የባሰው «ረ.ዐ.» ነው። ከዓኢሻ ስም ቀጥሎ «ዐንሃ» ነው የሚባለው፤ ከዑመር ስም ቀጥሎ «ዐንሁ»፤ ከዐብዱላህ ኢብኑ ዑመር ወይም ከኢብኑ ዐባስ ስም ቀጥሎ ደግሞ አባታቸውም ሰሓባ ስለሆኑ «ዐንሁማ»፤ ስለ ብዙዎች ሲሆን «ዐንሁም»። አንዲቷ «ዐ» አራቱንም ትውጣለች። አስማእ ሴት መሆኗን፣ ሑዘይፋ ወንድ መሆኑን ከዚህች ትንሽ ቃል ይማር የነበረ ልጅ ትምህርቱ ይቀርበታል። «ጀዛከላሁ ኸይረን» የሚለውም እንደዚሁ ለወንድ «ጀዛከ»፣ ለሴት «ጀዛኪ»፣ ለብዙዎች «ጀዛኩሙ» ይባላል። «ጀ.ኸ.» ለማን ነው? በተጨማሪም «ጀዛከላህ» ብሎ «ኸይረን» የሚለውን መተው ምስጋናውን አንጠልጥሎ ያስቀረዋል፤ «አላህ ይመንዳህ» ተባለ፣ በምን? በቲርሚዚ ሐዲስ ላይ የመጨረሻው የምስጋና ደረጃ የተባለው «ኸይረን» ያለበቱ ነው።

ሌላም አለ። ልጇ በጅዳ፣ በዱባይ ወይም በቤይሩት የምትሠራ እናት ብዙ ጊዜ መልእክቱን ራሷ አታነበውም። ታናሹ ልጅ ስልኩን ይዞ ያነብላታል። «አ.ወ.ወ. እማ ደህና ነሽ» የሚለውን ምን ብሎ ያንብብላት? ብልህ ከሆነ «አሰላሙ ዐለይኩም ብላሻለች» ይላታል፤ ካልሆነ ይዘለውና ከ«ደህና ነሽ» ይጀምራል። እናትየዋ ስትጠብቀው የነበረው ዱዓ ስልኩ ውስጥ ቀረ። ዛሬ ብዙዎቹ በድምፅ መልእክት ስለሚላላኩ ይህ ችግር በከፊል ተቃሏል፤ በድምፅ «አ.ወ.ወ.» የሚል ሰው እስካሁን አልሰማንም።

የሞት ዜና ደግሞ ሁሉንም ይበልጣል። በግሩፕ ውስጥ «አባቴ ወደ አኼራ ሄዱ» ብሎ የጻፈ ወንድም ከሥሩ ሃምሳ ጊዜ «ኢ.ወ.ኢ.ራ.» ተደርድሮ ያያል። የሚባለው ቃል የቁርኣን ቃል ነው፣ ከሱረቱል በቀራ አያ 156። ቃሉ ሐዘንተኛውን የሚያጽናናው «እኛ የአላህ ነን፣ ወደሱም ተመላሾች ነን» የሚለው ትርጉሙ ስላለበት ነው። ፊደላቱ ብቻቸውን ምንም አይሉትም። በእኛ ግምት ከዚህ ሁሉ ምህጻር መጀመሪያ መቅረት ያለበት ይሄ ነው፤ በርኖሱን አውልቆ ለቀብር የሚሮጥ ሰው አንድ መስመር መጻፍ አያቅተውም።

መሠረት የሌላቸው ተቃውሞዎች

ማሳጠርን ለመቃወም የሚሰራጩ አንዳንድ መልእክቶች ራሳቸው መታረም አለባቸው። አንዱ መካን በእንግሊዝኛው የተለመደ አጻጻፍ መጻፍ «የወይን ጠጅ ቤት» ማለት ነው፣ መስጂድን «ሞስክ» ማለት ከወባ ትንኝ ስም የመጣ ነው፣ ሙሐመድን አሳጥሮ መጻፍ የውሻ ስም ይሆናል የሚለው ነው። «ሞስክ» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል በአውሮፓ ቋንቋዎች በኩል ዞሮ የመጣ ያው «መስጂድ» ነው፤ ከትንኝ ጋር ዝምድና የለውም። ሌሎቹም ማስረጃ አይቀርብባቸውም።

ሁለተኛው «ኢንሻአላህ» ተያይዞ ከተጻፈ «አላህን ፍጠር» የሚል ትርጉም ይሰጣል የሚለው ነው። በዐረብኛ ፊደል ሲጻፍ ቃላቱን መለየት ትክክለኛው ሥርዓት ነው፤ «ኢን ሻአ» (ከሻ) እና «ኢንሻእ» (መገንባት፣ ማስገኘት) የተለያዩ ናቸውና። ይህን የዐረብኛ ሰዋስው ወደ አማርኛ ፊደል አምጥቶ «ኢንሻአላህ» ብሎ የጻፈውን ሁሉ መኮነን ግን ቦታው አይደለም።

ሦስተኛው ከሐዲስ የተወሰደ ነው። ጥቂት ሰዎች ወደ ነቢዩ ሰለላሁ ዐለይሂ ወሰለም ገብተው «አስ-ሰላሙ» በማለት ፈንታ «አስ-ሳሙ ዐለይኩም» (ሞት በእናንተ ላይ) እንዳሉ፣ እሳቸውም «ወዐለይኩም» ብለው በልዝብ እንደመለሱ፣ ዓኢሻ ረዲየላሁ ዐንሃ ስትቆጣም ወደ ርጋታ እንደመለሷት ተዘግቧል። ሐዲሱ አንድ ድምፅ ሲጎድል ትርጉም እንደሚገለበጥ በእርግጥ ያሳያል። ነገር ግን እነዚያ ሰዎች ሆን ብለው ነው ያሉት። በጥድፊያ ፊደል የሳተ ወንድም እርግማን ጻፈ አይባልም፤ ሥራ በኒያ ነው የሚለው ሐዲስ ለስልክም ይሠራል። በኢንዶኔዥያ የአላህን ስም ለመምሰል ቁጥር 4ን፣ ሁለት ጄይንና አይን ደርድረው የጻፉ ነበሩ፤ ከመጨረሻው ጀምሮ ሲታይ የዐረብኛውን ቅርፅ ይመስላል ተብሎ። ያ ድርጊት በስም መጫወት ሆኖ ይታየናል፤ ግን ያኔም መጀመሪያ የተፈለገው መናቅ ሳይሆን የዐረብኛ ፊደል በሌለው ስልክ ስሙን መጻፍ ነው።

በተግባር

ስልኮቻችን ሁለት መፍትሔ ይዘዋል። አንደኛው አንድ ነጠላ ምልክት የሆነውና ሙሉው ሶላዋት በዐረብኛ ተሰካክቶ የተጻፈበት ቅርፅ ነው። ይህ ምህጻር አይደለም፤ ቃላቱ ሁሉ በውስጡ አሉ። «ጀለ ጀላሉሁ» የሚለውም የራሱ ምልክት አለው፤ በ2021 በወጣው የዩኒኮድ እትም ደግሞ ለሰሓቦችና ለዑለሞች የሚባሉ ሌሎች ሐረጎች ተጨምረዋል። ጉድለቱ ዐረብኛ ለማያነብ ሰው ሥዕል ብቻ መሆኑ ነው። በአሮጌ ስልክ ላይም ባዶ ሳጥን ሆኖ ይታያል። በተለይ አዲሶቹን ምልክቶች የማያሳዩ ስልኮች ብዙ ናቸው።

ሁለተኛውን መፍትሔ እኛ እንመርጣለን። በአንድሮይድ ስልክ የጉግል ኪቦርድ ላይ ወደ ማስተካከያው ገብታችሁ «መዝገበ ቃላት» ከዚያም «የግል መዝገበ ቃላት» የሚለውን ክፈቱ፤ በላይኛው መስመር «ሰለላሁ ዐለይሂ ወሰለም» ብላችሁ ጻፉ፣ በታችኛው የአቋራጭ መስመር «ሰዐወ»። ከዚያ በኋላ «ሰዐወ» ስትጽፉ ሙሉው ከላይ ይቀርብላችኋል፣ ትነኩታላችሁ። በአይፎን «ሴቲንግ»፣ «ጄኔራል»፣ «ኪቦርድ»፣ «ቴክስት ሪፕሌስመንት» በሚለው መንገድ ይገኛል፤ እዚያ ክፍት ቦታ እንደተጫናችሁ ራሱ ይተካዋል። ለሰላምታው መልስ፣ ለ«ጀዛከላሁ ኸይረን» በወንድና በሴት ለየብቻ፣ ለ«ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» እንዲሁ አድርጉ። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ማሽኑ ሲጽፍ ግን ምላስ ዝም እንዳይል፤ ቀደምቶቹ በእጅ የሚጽፉትን በአፍ እንዲሉም መክረዋል።

ለመጻሕፍት አዘጋጆችም እንዲሁ ቀላል ነው። በኮምፒውተር ላይ «ፈልግና ተካ» የሚለውን መጠቀም ብቻ ነው። በቅንፍ ያለው «(ሰ.ዐ.ወ.)» 8 ቁምፊ ይይዛል፤ ሙሉው በቅንፍ 16። የነቢዩ ስም አንድ ሺህ ጊዜ በሚነሳበት መጽሐፍ ላይ የሚጨመረው 8 ሺህ ቁምፊ ነው። ገጹ 1,600 ያህል የሚይዝ ከሆነ አምስት ገጽ መሆኑ ነው። ሲፈለግ «ሶ.ዐ.ወ»፣ «ሰ.አ.ወ» እና «ሰ.ዓ.ወ» የሚሉትን አጻጻፎች፣ የመጨረሻዋ ነጥብ ያለባቸውንም የሌለባቸውንም ለየብቻ መፈለግ ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ ግማሹ ተተክቶ ግማሹ ይቀራል።